መሳቢያ ውስጥ የተረሳ የፊልም ካሜራን ወደ ሥራ መመለስ

አሮጌ ካሜራ እጁ የገባ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያደርገው አንድ ነው። እጀታውን ይስባል፣ ቁልፉን ይጫናል። «ቀጭ» ካለ ፊቱ ይበራል። ዝም ካለ ካቻቢቴ ፍለጋ ይሮጣል። ይህን የምጽፈው ካቻቢቴው ትንሽ እንዲቆይ ለመለመን ነው።

«ሞቷል» የተባለ ካሜራ ብዙ ጊዜ አልሞተም። ባትሪው ውስጡ ፈስሷል፣ ስፖንጁ በስብሷል፣ ወይም ዘይቱ ደርቆ እንደ ሙጫ ሆኗል። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብላችሁ ማስተካከል ትችላላችሁ። ሦስተኛውም አንዳንዴ በራሱ ይፈታል። ደህና የነበረውን ካሜራ የሚገድለው ግን አብዛኛውን ጊዜ የባለቤቱ ችኮላ ነው። የራሴን ጥፋት ቦታው ላይ ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

የማወራው ስለ 35 ሚሊሜትር ካሜራዎች ነው። ሌንሳቸው ስለሚፈታ፣ ውስጣቸውም መስታወት ስላላቸው፣ ከ1960ዎቹ እስከ 1980ዎቹ በብዛት ስለተሠሩት። ፔንታክስ ኬ1000፣ ካኖን ኤኢ-1፣ ኒኮን ኤፍኤም2፣ ኦሊምፐስ ኦኤም-1፣ ዜኒት-ኢ የመሳሰሉት ናቸው። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አንብቧቸው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ከወዲሁ። ፍላሽ አብሮት የተሠራ ትንሽ የኪስ ካሜራ ከሆነ ያላችሁ፣ ሽፋኑን አትክፈቱ። ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው የፍላሹ ካፓሲተር ባትሪው ወጥቶም ቢሆን ወደ 300 ቮልት ሊይዝ ይችላል። ቀልድ የለውም።

ከሁሉ በፊት፦ ውስጡ ፊልም አለ?

ጀርባውን ገና አትክፈቱ። ከላይ በግራ በኩል ትንሽ መዘውር አለች። ያለቀ ፊልም መልሳ የምትጠቀልለው እሷ ናት። ታጣፊ እጇን አውጡና በሰዓት አቅጣጫ በቀስታ አዙሯት። እንደ ልቧ ከዞረች ውስጡ ባዶ ነው። ትንሽ ዞራ ከያዘች ፊልም አለ።

ፊልም ካለ ከካሜራው ሆድ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ተጫኑና መጠቅለል ጀምሩ። መጀመሪያ ይከብዳል። ከዚያ ድንገት ቅልል ይላል። ቅልል ሲል ፊልሙ ቀፎው ውስጥ ገብቷል፤ አሁን መክፈት ይቻላል። ጀርባው የሚከፈተው በብዙዎቹ ላይ ያችኑ መዘውር ወደ ላይ በመሳብ ነው።

እኔ አንድ ጊዜ ይህን ሳላደርግ ከፍቼ፣ ማን እንዳነሳው የማላውቀውን ሙሉ ጥቅልል ብርሃን አስመታሁት። የማን ሠርግ እንደነበር፣ የማን ልደት እንደነበር እንጃ። አሁን ድረስ ይቆጨኛል።

ያገኛችሁትን ፊልም አትጣሉት። ጥቁርና ነጭ ከሆነ ከብዙ ዓመት በኋላም የሆነ ምስል ሊወጣው ይችላል። የቀለም ፊልም ቶሎ ይደበዝዛል፣ ግን መሞከር አይከፋም። ቀፎው ላይ «ኮዳክሮም» ከተጻፈ ግን ቀለሙን እርሱት። ኮዳክ ያንን ፊልም ማምረት ያቆመው በ2009 ነው። የመጨረሻው ላብራቶሪም በ2010 መጨረሻ መቀበል አቁሟል። ሊገኝ የሚችለው ጥቁርና ነጭ ምስል ብቻ ነው፤ እሱንም የሚሞክሩት ጥቂት ባለሙያዎች ናቸው።

ባትሪው

የባትሪው ክዳን በብዙዎቹ ላይ ከሥር ነው። አብዛኛውን ጊዜ በሳንቲም ይዞራል። ስትከፍቱት ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካያችሁ፣ ድሮ የተረሳ ባትሪ ፈስሶ ነው። አትደንግጡ።

ከአልካላይን ባትሪ የሚፈሰው ነገር የአሲድ ተቃራኒ ነው። ስለዚህ አሲድ ያረክሰዋል። የጆሮ ማጽጃ ጥጥ አቼቶ ነከር አድርጉ። ጨምቁት፤ የሚንጠባጠብ መሆን የለበትም። ዱቄቱ ላይ ስታሳርፉት ትንሽ ሊፈላ ይችላል። እስኪጠራ ጥጥ እየቀያየራችሁ ጥረጉ። ከዚያ አልኮል በነካ ጥጥ አቼቶውን አንሱ፣ ይድረቅ። ብረቱ አሁንም ጠቆር ካለ በእርሳስ ላጲስ ፈግፍጉት። የብረት ነገር አታስገቡ፣ ማስተላለፊያው ላይ ያለው ቀለም ይላጣል።

አሁን የምታስገቡት ባትሪ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ እንደ ካሜራው ይለያያል። ኬ1000፣ ከ1976 እስከ 1997 የተመረተው፣ ባትሪ የሚፈልገው ለብርሃን መለኪያው ብቻ ነው። ባትሪ ባይኖረውም ሁሉም ፍጥነት ይሠራል። በዚያው በ1976 የወጣው ካኖን ኤኢ-1 ደግሞ ያለ 6 ቮልት ባትሪው ንቅንቅ አይልም። «አይሠራም» ተብሎ ከሚወረወረው ኤኢ-1 ውስጥ ስንቱ ባትሪ ብቻ የጎደለው እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ስለዚህ ፍርድ ከመስጠታችሁ በፊት አዲስ ባትሪ አስገቡ። ካልሆነም ገልብጣችሁ ሞክሩ። ይህን የምለው ከልምድ ነው።

ኦኤም-1 እና አንዳንድ የእሱ ዘመን ካሜራዎች ሌላ ጣጣ አላቸው። የተሠሩት ለ1.35 ቮልት የሜርኩሪ ባትሪ ነው። ሜርኩሪ መርዝ ስለሆነ ያ ባትሪ ከገበያ ወጥቷል። በመጠን የሚገጥመው የዛሬው አልካላይን 1.5 ቮልት ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፣ ግን መለኪያውን ያሳስተዋል። በዚያ ላይ የሜርኩሪው ጉልበት እስኪያልቅ ድረስ እኩል ነበር። አልካላይን ደግሞ እያደር ይወርዳል፣ ስህተቱም አብሮ ይለዋወጣል። የመስማት መርጃ መሣሪያ ላይ የሚገባው ዚንክ-አየር ባትሪ 1.4 ቮልት ገደማ ስለሆነ ይቀርበዋል፤ ችግሩ ተለጣፊው ከተነሳ በኋላ ቶሎ መድረቁ ነው። እኔ በበኩሌ ስልኬ ላይ የብርሃን መለኪያ አፕ ጭኜ ተገላግያለሁ።

ዜኒት-ኢ ባትሪ የለውም። ከፊቱ ያለው ሸንተረር መስታወት ሴሊኒየም ነው፤ ከብርሃኑ ራሱ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ወደ መስኮት አዙሩት፣ በእጃችሁ ሸፍኑት፣ ግለጡት። መርፌዋ ከተነቃነቀች ነፍስ አለው። ካልተነቃነቀች አትልፉ፤ ካሜራው ያለ መለኪያም ፎቶ ያነሳል።

ሹተሩን በጆሮ መመርመር

ሹተር የምንለው ፊልሙ ፊት የሚከፈተውንና የሚዘጋውን መጋረጃ ነው። የካሜራው ልብ እሱ ነው። ለመመርመር ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም፣ ጸጥ ያለ ክፍል ይበቃል።

ጀርባውን ክፈቱ። ሌንሱን ፍቱ። የፍጥነት መዘውሩን 1 ሴኮንድ ላይ አድርጉና እጀታውን ስባችሁ ተጫኑ። በባትሪ የማይሠራ ጤነኛ ሹተር «ቀጭ» ይልና ውስጡ ያሉት ትንንሽ ጥርሶች «ዝዝዝዝ» እያሉ ይዞራሉ፤ ከዚያ «ጭክ» ብሎ ይዘጋል። ይህ ሁሉ «አንድ ሺህ አንድ» እስክትሉ ድረስ ነው። «ዝዝዝ» መሃል ላይ ከቆመ፣ ወይም እየተንጠራራ ከሄደ፣ ዘይቱ ደርቋል። ሰላሳ አርባ ጊዜ ደጋግማችሁ ተጫኑ። እንቅልፉን እንደ መቀስቀስ ነው። ብዙ ጊዜ በዚህ ብቻ ይፈታል። ካልተፈታ ዘይት አትርጩበት! በተለይ ያንን ሁሉም ቤት የማይጠፋ የዝገት መርጫ። ዘይቱ በመጋረጃው፣ በመስታወቱና በሌንሱ ላይ ይበተናል። ካሜራው ያኔ ነው በእርግጥ የሚሞተው።

ከ1 ሴኮንድ ተነስታችሁ አንድ በአንድ ፍጥነቱን ጨምሩ። እያንዳንዱ ካለፈው በግማሽ ማጠር አለበት። እስከ 1/15 ድረስ ጆሮ ይለያል። ከዚያ በላይ ስልክ ያግዛል። ብዙ ስልኮች በሴኮንድ 240 ምስል የሚቀርጽ ቀርፋፋ ቪዲዮ አላቸው። የካሜራውን ፊት ወደ መብራት አዙራችሁ በጀርባው በኩል ቅረጹ። ከዚያ ቪዲዮውን ምስል በምስል እየገፋችሁ ብርሃን የሚታይበትን ቁጠሩ። 1/30 ላይ 8 ገደማ፣ 1/60 ላይ 4 ገደማ ማግኘት አለባችሁ። 12 ብታገኙ 1/30 ብላችሁ ያሰባችሁት በእውነት 1/20 ነው። ማስታወሻ ያዙ።

ለ1/500 እና ለ1/1000 ቪዲዮው አይበቃም። ዓይናችሁን ተጠቀሙ። ካሜራውን ወደ ብሩህ ነጭ ግድግዳ አዙሩና በጀርባው በኩል እያያችሁ ተጫኑ። አራት ማዕዘኑ ከዳር እስከ ዳር እኩል ብልጭ ማለት አለበት። አንዱ ጎን ከጠቆረ ሁለተኛው መጋረጃ የመጀመሪያውን እየደረሰበት ነው። ይህ የባለሙያ ሥራ ነው። ግን ካሜራውን አትጣሉት። እስከ 1/250 ደህና ከሆነ በ1/250 መኖር ይቻላል።

የጨርቅ መጋረጃ ከሆነ ቀዳዳም ፈልጉ። ክፍሉን አጨልሙ፣ በሌንሱ በኩል የስልክ መብራት አብሩ፣ ከጀርባ እዩ። የመርፌ ቀዳዳ የምታክል ብርሃን እንኳ በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ ነጥብ ትሆናለች። እንደ ኤፍኤም2 ያለ ቀጭን የብረት መጋረጃ ከሆነ ደግሞ ጣት አይነካውም። በቃ አይነካውም። አንዴ ከተጣጠፈ አይመለስም።

ሁለት ነገሮችን አትሞክሩ። አንደኛው ራስን ማንሻውን ሰዓት ቆጣሪ ነው። ለዓመታት ያልተጠቀለለ ስፕሪንግ መሃል መንገድ ላይ ቆሞ ካሜራውን ሁሉ ይዞት ሊቀር ይችላል። ሁለተኛው የሶቭየት ዞርኪ ወይም ፌድ ያላችሁን ይመለከታል፤ ሹተሩን ሳትስቡ ፍጥነት አትቀይሩ። መጀመሪያ መሳብ፣ ከዚያ መቀየር። ይህን የማያውቅ ሰው ነው ብዙዎቹን የሰበራቸው።

ማጽዳት፣ አንዳንዴም አለማጽዳት

የሚያስፈልጋችሁ፦ የጎማ ንፋስ መንፊያ፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ የመነጽር መጥረጊያ ጨርቅ፣ አይሶፕሮፒል አልኮል፣ የጆሮ ጥጥ፣ ስቴኪኒ። ለውጩ አካል ትንሽ እርጥብ ጨርቅ ይበቃል። በመዘውሮቹ ጥርስ መካከል ያለው ጥቁር እድፍ አልኮል በነካ ስቴኪኒ ይወጣል። ይህ ክፍል ደስ ይላል። ካሜራው ዓይናችሁ ስር ወጣት ይሆናል።

አሁን ወደ ጥፋቴ። ሌንሱን ስትፈቱ ፊት ለፊት ዘንበል ብሎ የተቀመጠ መስታወት አለ። የእኔው ላይ አንድ የጣት አሻራ ነበረበት። ጥጥ አልኮል ነክሬ እንደ መነጽር ጠረግኩት። አሻራው ሄደ። አብሮት ብሩም ሄደ። የቤት መስታወት ቅቡ ከኋላ ነው፣ የካሜራ መስታወት ግን ቅቡ ከፊት፣ እጅ በሚደርስበት ገጽ ላይ ነው። ያለ ሽፋን፣ እንደ ቢራቢሮ ክንፍ። እስከ ዛሬ በዚያ ካሜራ ባየሁ ቁጥር መሃል ላይ አንዲት ጭረት ታስቀኛለች።

የሚያናድደው፣ አሻራው ምንም አይጎዳም ነበር። ፎቶ ሲነሳ መስታወቱ ወደ ላይ ይነሳል። እሱ ላይ ያለ አቧራም ሆነ አሻራ ፊልሙ ላይ አይታይም። ከሱ በላይ ያለው ሸካራ መስታወትም፣ ምስሉ የሚያርፍበት፣ እንደዚያው ነው። ሁለቱንም በንፋስ ብቻ እፍ በሏቸው። በአፍ አይደለም፣ ምራቅ ያመልጣል። በጎማው መንፊያ።

ስፖንጁ፦ ዋናው ሥራ

ከጀርባው በር ጠርዝ፣ ከማጠፊያው አጠገብ፣ ቀጭን ጥቁር ስፖንጅ አለ። ብርሃን እንዳይገባ የሚዘጋው እሱ ነው። ከመስታወቱ በላይም አንድ ቁራጭ አለ፤ መስታወቱ ሲነሳ የሚያርፍበት ትራስ ነው። ከዓመታት በኋላ ይህ ስፖንጅ ሬንጅ ይሆናል። በጣት ስትነኩት ይለጠፋል፣ ጣትን ተከትሎ ይሳባል፣ ልብስ ላይ ከነካ አይለቅም። አንዳንዱ ደግሞ ደርቆ እንደ ጥቁር አሸዋ ይፈረፈራል። እሱ ይብሳል፤ ፍርፋሪው ሹተር ውስጥ ይገባል። በእኔ ግምት አንድ አሮጌ ካሜራ ሌላ ምንም ባይደረግለት ይህ ብቻ ይደረግለት።

ጊዜ ስጡት። ሁለት ሰዓት ያህል። እንዲህ ነው የማደርገው።

ሌንሱን አውጥቼ ክዳን አደርጋለሁ። የፊልሙን መስኮት ከሱ ሰፋ ባለ ወረቀት እሸፍናለሁ፤ ወረቀቱን በደካማ ተለጣፊ ከካሜራው አካል ጋር እይዘዋለሁ፣ ከመጋረጃው ጋር በፍጹም። ካሜራውን በተቻለ መጠን ወደ ታች ደፍቼ ነው የምይዘው፤ ፍርፋሪው ወደ ውስጥ ሳይሆን ወደ ጠረጴዛው እንዲወርድ።

የስቴኪኒውን ጫፍ በምላጭ ጠፍጣፋ አድርጌ እቆርጣለሁ። መጀመሪያ በደረቁ እፍቃለሁ። ብዙው እንደ ትል እየተጠቀለለ ይወጣል። ከዚያ ቦዩ ውስጥ አልኮል በጥጥ እቀባና አምስት ደቂቃ እተወዋለሁ። ሬንጁ ይለሰልሳል። እንደገና እፍቃለሁ፣ እጠርጋለሁ፣ እቀባለሁ። ሃያና ሠላሳ ጥጥ ሊያልቅ ይችላል። ጥጡ ነጭ ሆኖ እስኪመለስ አላቆምም፤ የቀረ ሬንጅ ካለ አዲሱን ስፖንጅ ያበላሸዋል። አልኮሉ አፍስሱኝ ቢላችሁም አታፍስሱ። እርጥብ እንጂ ጎርፍ አይሁን።

አዲሱ ስፖንጅ ከጀርባው ተለጣፊ ያለው፣ ጥቁር፣ ከ1.5 እስከ 2 ሚሊሜትር ውፍረት ቢሆን ጥሩ ነው። በብረት ማስመሪያና በአዲስ ምላጭ በቀጭኑ ይቆረጣል። ጠባቦቹ ቦዮች ውስጥ ግን ስፖንጅ ማስገባት ያታክታል። እዚያ ጥቁር የሹራብ ክር ይሻላል። ክሩን በስቴኪኒ ቦዩ ውስጥ ትጠቀጥቁታላችሁ፣ ሁለቱ ጫፍ ላይ ጠብታ ማስቲሽ ትነካላችሁ። አይበሰብስም፣ ሬንጅ አይሆንም።

አንዲት ዘዴ አለች፣ ትንሽ ታስቃለች። የተቆረጠው ስፖንጅ ቀጭን ስለሆነ ገና ከመነካቱ ያለ ቦታው ይለጠፋል። ተለጣፊውን ጎን በምራቅ አርጥቡት። በውሃም ይሆናል። እርጥብ ሲሆን እንደልባችሁ ታንሸራትቱታላችሁ፤ ቦታውን ሲይዝ ይደርቅና ይጣበቃል።

የመስታወቱ ትራስ ላይ ስትደርሱ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አጠገቡ ያ ሸካራ መስታወት አለ። እዚያ አልኮል ያለበት ጥጥ አታስጠጉ። በደረቅ ስቴኪኒና በወረንጦ ብቻ ለቅማችሁ አውጡት፣ ከሥር ወረቀት ይዛችሁ። ትንሽ ቢቀር ይቅር።

በመጨረሻ በሩን ዝጉት። ትንሽ ጠበቅ ብሎ «ጠቅ» ማለት አለበት። በጉልበት ካልሆነ የማይዘጋ ከሆነ ስፖንጁ ወፍሯል።

ሌንሱ

የስልክ መብራት ከኋላው አብሩና በፊት በኩል እዩ። እንደ ሸረሪት ድር የተሰራጨ ነገር ሻጋታ ነው። ፊቱ ላይ ብቻ ከሆነ አልኮል በነካ ጨርቅ ይለቃል። ውስጡ ከሆነና ጥቂት ከሆነ ተዉት፣ ፎቶው ላይ እምብዛም አይታይም። ሌንሱን ከሌሎቹ ለይታችሁ ደረቅ ቦታ አስቀምጡት። አንዳንድ የድሮ ሌንስ፣ ለምሳሌ ከሱፐር ታኩማር 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.4 አንዳንዶቹ፣ ቢጫ ወይም ሻይ መልክ ይይዛሉ። ቶሪየም የሚባል ንጥረ ነገር ያለበት መስታወት ስላላቸው ነው። ለቀናት ወይም ለሳምንታት ፀሐይ ሲመታቸው ይጠራሉ። ግን ጠባቂ ይኑራቸው። ሌንስ ፀሐይን ሰብስቦ ቤት ያቃጥላል።

አፐርቸሩን፣ ማለትም ሌንሱ ውስጥ የሚጠበውንና የሚሰፋውን ቀዳዳ፣ ወደ ኤፍ 16፣ ወደ ጠባቡ፣ አድርጋችሁ ከኋላ ያለችውን ማንሻ ነካ ነካ አድርጉ። ስስ ብረቶቹ እንደ ዓይን ሽፋሽፍት ፈጥነው መጨፈን አለባቸው። ከዘገዩ ዘይት ወርዶባቸዋል፤ ፎቶው ነጭ ይሆናል፣ ምክንያቱም ቀዳዳው ሳይጠብ ሹተሩ ይከፈታል። የዜኒቱ ሄሊዮስ 44-2 ግን አፐርቸሩን በእጃችሁ ስለምትዘጉት ትንሽ ዘይት አይጎዳውም።

ኤኢ-1 ያላችሁ ደግሞ ሲነሳ እንደ ጉንፋን የያዘው ሰው «ህክ» ቢል፣ ሹተሩ አይደለም። መስታወቱን የሚያነሳው ክፍል ቅባት ደርቆበት ነው። ባለሙያ በአንድ ጠብታ ዘይት ይፈውሰዋል፣ ጠብታው የት እንደሚገባ ካወቀ።

ቤት ልትፈቱት ከቆረጣችሁ አንድ ነገር ብቻ ልበል። የጃፓን ካሜራ ብሎን ላይ ያለው መስቀል ከተለመደው መስቀል ይለያል። ጂስ የሚባል የራሱ ካቻቢቴ አለው። በሌላው ከሞከራችሁ የብሎኑ አናት ይበላል።

የመጀመሪያው ጥቅልል ለምርመራ ነው

ጊዜው ያለፈበት ፊልም ለዚህ አትጠቀሙ። ሲበላሽ ጥፋቱ የፊልሙ ይሁን የካሜራው አታውቁም። አዲስ ጥቁርና ነጭ ፊልም ያዙ፣ እንደ ኢልፎርድ ኤችፒ5 ፕላስ 400 ያለ። ስህተት ይችላል።

ጥላ ውስጥ ሆናችሁ አስገቡ። የፊልሙን ምላስ ሳቡና በቀኝ ያለው ዘንግ ስንጥቅ ውስጥ ክተቱት። እጀታውን እየሳባችሁ፣ ከላይና ከታች ያሉት ቀዳዳዎች ጥርሶቹን መያዛቸውን እዩ። በሩን ዝጉ። መዘውሯን በቀስታ አዙራችሁ ልልነቱን አጥብቁ። አሁን ሁለት ጊዜ ሳቡና ተጫኑ፣ ዓይናችሁ መዘውሯ ላይ ይሁን። በሳባችሁ ቁጥር አብራ ከዞረች ፊልሙ እየሄደ ነው። ካልዞረች አልያዘም። 36 ፎቶ አንስቶ ባዶ ፊልም ያሳጠበ ሰው ይህን መቼም አይረሳም።

የፊልሙን ፍጥነት፣ ማለትም ቀፎው ላይ የተጻፈውን የብርሃን ስሜት ቁጥር፣ በራሱ መዘውር ላይ 400 አድርጉ።

መለኪያችሁን ካላመናችሁት የድሮዎቹ ደንብ አለ። በጠራራ ፀሐይ አፐርቸሩን ኤፍ 16 ላይ አድርጉ፣ የሹተሩን ፍጥነት ለፊልሙ ቁጥር የሚቀርበውን። ለ400 ፊልም 1/500 ማለት ነው። ፀሐይዋ ስስ ደመና ከለበሰች ኤፍ 11። ደመና ሆኖ ብሩህ ከሆነ ኤፍ 8። ከጨፈገገ ኤፍ 5.6። ሰማይ የሚያይ ጥላ ውስጥ ኤፍ 4።

አሁን ምርመራው። እንደዚያ ያለ ጥላ ውስጥ አንድ የማይንቀሳቀስ ነገር ፈልጉ። ግድግዳ፣ በር፣ የቆመ ብስክሌት። በእነዚህ ስድስት ቅንብሮች ስድስት ጊዜ አንሱት፦ 1/1000 በኤፍ 2.8፣ 1/500 በኤፍ 4፣ 1/250 በኤፍ 5.6፣ 1/125 በኤፍ 8፣ 1/60 በኤፍ 11፣ 1/30 በኤፍ 16። ስድስቱም ፊልሙ ላይ የሚያሳርፉት ብርሃን እኩል ነው። ስለዚህ ስድስቱ ነጋቲቮች መመሳሰል አለባቸው። አንዱ ካፈነገጠ የቱ ፍጥነት እንደሚዋሽ ታውቃላችሁ። ተራቸውን ወረቀት ላይ ጻፉ፣ አለበለዚያ ከሳምንት በኋላ አታስታውሱም።

የቀረውን 30 በፈለጋችሁት አንሱ። መቼም ሰው ነን፣ ግድግዳ ብቻ አይነሳም። አንዱን ፀሐይ ላይ ካሜራውን አንገታችሁ ላይ አንጠልጥላችሁ አሥር ደቂቃ ከተንሸራሸራችሁ በኋላ አንሱት። ስፖንጁ በትክክል ካልዘጋ የሚያጋልጠው ያ ነው።

ማጠብና ነጋቲቩን ማንበብ

ጥቁርና ነጭን ቤት ማጠብ ይቻላል። ጨለማ የሚያስፈልገው ፊልሙን ማጠቢያው ጣሳ ውስጥ ለማስገባት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ መብራት አብርታችሁ ትሠራላችሁ። ኤችፒ5 ፕላስ ባልቀጠነ አይዲ-11፣ ምስሉን በሚያወጣው ኬሚካል፣ በ20 ዲግሪ ሴልሲየስ 7 ደቂቃ ተኩል ይፈጃል፣ በየደቂቃው መጀመሪያ ለ10 ሴኮንድ አራት ጊዜ እየተገለበጠ። ከዚያ ማቆሚያው፣ ከዚያ ምስሉን የሚያጸናው ፊክሰር ከ3 እስከ 5 ደቂቃ፣ ከዚያ ውሃ። ሙቀቱን በቴርሞሜትር ያዙ፣ በግምት አይሆንም። የቀለም ፊልም 38 ዲግሪ ላይ ስለሚታጠብና ሙቀቱ ትንሽ ንቅንቅ ሲል ቀለሙ ስለሚዛባ፣ ለላብራቶሪ ብትሰጡት ይሻላል። ስትሰጡ «ነጋቲቩን መልሱልኝ» በሉ። ብዙው ሰው ስካኑን ብቻ ይወስድና ምርመራው እጁ ላይ አይቀርም።

ነጋቲቩን መስኮት ላይ ያዙት። ጥቁር ጭረት ወይም ደመና ካያችሁ ብርሃን ገብቷል። ከየት? የፊልሙን ቀዳዳዎች ተመልከቱ። ደመናው ቀዳዳዎቹን አልፎ እስከ ጠርዙ ከደረሰ የገባው በጀርባው በር ነው፤ ወደ ስፖንጁ ተመለሱ። ከምስሉ አራት ማዕዘን ካልወጣ ግን የመጣው ከፊት ነው፤ መጋረጃውን መርምሩ። ምስሎች ከተደራረቡ ፊልሙን የሚስበው ጥርስ ተዳክሟል። ፊልሙ ጥርት ያለ ባዶ ሆኖ ጠርዙ ላይ የፋብሪካው ቁጥርና ጽሑፍ ከታየ፣ እጥበቱ ደህና ነው፤ ፊልሙ አልሄደም ወይም ሹተሩ አልተከፈተም። ጽሑፉም ከሌለ ጥፋቱ የእጥበቱ ነው፣ ካሜራውን ይቅርታ ጠይቁት።

የእኔ ኬ1000 በዚህ ምርመራ 1/1000 ላይ ወደቀ። አንድ ጎኑ ይጠቁራል። ለማሳደስ አላሰብኩም። ከመዘውሩ አጠገብ ትንሽ ቀይ ነጥብ በጥፍር ቀለም አድርጌበታለሁ፤ ከዚያ አላልፍም።

ስታስቀምጡት ሹተሩን ሳትስቡ፣ ባትሪውን አውጥታችሁ፣ ከቆዳ ቦርሳው ውጭ አስቀምጡት። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ ሻጋታም ይወደዋል። ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ፣ የጫማ ካርቶን ውስጥ ከምታገኟት የሲሊካ ጄል ከረጢት ጋር ይሁን። በወር አንዴ አውጡና በሁሉም ፍጥነት አሥር አሥር ጊዜ ተጫኑት።